ማርታ ስትወለድ ስንት ጣት ነበራት?

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሐኪሞች ለዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ዘመቻ ነጌሌ በመጡበት ሳምንት ነው። ነገሩ በቀን፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ የሆነ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይም አልፈጀም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ዘጠኝ ዓመታት እንደገና እንዳስባቸው ስላስገደደኝ፣ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ በማታው ክፍል ነው። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሃያ ሰባት ሞልቶኝ ነበር። አሁን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው በጽሑፍ ያየውን ነገር አጥብቆ ያምናል፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ልጄ ማርታ ከተወለደች ጀምሮ ደብተር እይዝላታለሁ። ክትባቷ፣ ክብደቷ፣ ጥርስ ያበቀለችበት ቀን፣ ሁሉም አለ። ባለቤቴ ቦሩ "የቀበሌ መዝገብ" እያለ ይቀልድብኛል።

ቦሩ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። ጉጂ ነው። የእኔ አባት ደግሞ በወታደርነት ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ሽማግሌ ሲላክ አባቴ "ሰባት ቤት ይቆጠር" አለ። በእኛ ወገን ያለ እሱ ጋብቻ የለም። የቦሩ አጎት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ጌታዬ፣ ምኑን ነው የምንቆጥረው? የእርስዎና የእኔ አያቶች ተገናኝተው ከሆነ ገበያ ላይ ነው። እሱም ሲጣሉ!"

"ቢሆንም ይቆጠር" አለ አባቴ።

ተቆጠረ። በሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ተወጣ፤ አንድም የሚነካካ ስም አልተገኘም። አባቴ "ደማችሁ ንጹሕ ነው፤ ጤነኛ ልጅ ትወልዳላችሁ" ብሎ መረቀን።

ማርታን የወለድኩት ቤት ውስጥ ነው። ያዋለዱኝ የቦሩ እናት ናቸው። ልጄ ስታድግ አኮ፣ ማለትም አያቴ፣ ስላለቻቸው እኛም አኮ እንላቸዋለን። ከወለድኩ በኋላ ደም አልቆም ብሎኝ ሆስፒታል ገባሁ፤ ትኩሳትም ተጨመረበትና ስምንት ቀን ተኛሁ። ሕፃኗን አኮና የእኔ እናት በየተራ ጠቅልለው እያመጡልኝ አጠባት ነበር። የማየው ፊቷን ብቻ ነው። ቤት በገባሁ ዕለት ገላዋን ገልጬ ከራሷ ጠጉር እስከ እግር ጥፍሯ አየኋት። ደብተሩን ያን ቀን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "የእጅ ጣት አሥር፣ የእግር ጣት አሥር" ብዬ ጻፍኩ።

ማርታ ሁሉም ነገር ዘገየባት። የሄደችው ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። አራት ዓመት ሞልቷት የምትናገረው ከእኛ በቀር ማንም አይገባውም ነበር። ክብደቷ ግን ይጨምራል። ምግብ አይታ አትጠግብም። እንግዳ ቤት ስንሄድ የሰው ሳህን ላይ ታፈጣለች። አፍሬ ዳቦውን ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ጀመርኩ። ሴቶች "ጠግባ ነው የማትናገረው" ይሉኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል መለየት ሲያቅታት መምህሯ ከኋላ አስቀመጠቻት።

ሰባት ዓመት ሲሆናት ፀሐይ ስትጠልቅ መደናበር ጀመረች። ጣውላ ላይ ትወድቃለች፣ ፍየል ትረግጣለች። ይህን የማያውቅ የለም፤ ዳፍንት ነው። ከቤተ መጻሕፍት የጤና መጽሐፍ አውጥቼ አነበብኩ። ዳፍንት ከቫይታሚን ኤ እጥረት እንደሚመጣ፣ ጉበትና ካሮት እንደሚያድን ተጽፏል። ጤና ጣቢያም ያንኑ ነገሩኝ፣ እንክብልም ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉበት አበላኋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት የፍየል ጉበት አመጣለሁ። ከሁሉም ምግብ እሷ የምትጠላው ጉበትን ብቻ ነበር። እያለቀሰች ታኝካለች፤ እኔ ከፊቷ ተቀምጬ እስክትውጥ እጠብቃለሁ። መጽሐፉ ትክክል ስለሆነ ልጄ ትድናለች ብዬ አመንኩ። አንድ አመሻሽ ላይ ወጥ የያዘ ድስት ረግጣ ስትደፋ፣ "ይህን ሁሉ ጉበት በልተሽ አሁንም አይታየኝም ትያለሽ?" ብዬ በጥፊ መታኋት። ከዚያ ቀን በኋላ "አይታየኝም" ማለቱን ተወች። እኔ የዳነች መሰለኝ። "መሻሻል ይታያል" ብዬ ጻፍኩ።

ሐኪሞቹ የመጡት በዚህ መሀል ነው። አኮ አንዱ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ስለነበር አስመዘገብናቸው። እኔም የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነና አማርኛም ኦሮምኛም ስለምናገር ስም እንድመዘግብ ተጠየቅኩ። ከሜጋ፣ ከየገጠሩ በመኪና ተጭነው የመጡ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልተዋቸው ነበር። "አካም፣ ናጋ" እያሉ ሰላምታ ሲለዋወጡ አዳራሹ ገበያ ይመስላል። ለምርመራው መስኮቶቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል።

አኮ በዋዜማው ቀዶ ጥገናው ተደርጎላቸው ፋሻው እስኪፈታላቸው ይጠብቁ ነበር። ማርታ ውጭ ፀሐይ ላይ ስትጫወት ቆይታ ወደ እኔ ሮጣ ገባች። ሁለት እርምጃ እንኳ ሳትራመድ የአንድ ሽማግሌ ምርኩዝ አደናቅፏት በግንባሯ ተደፋች።

"ምነው ልጄ፣ ዓይን ሊታከም የመጣው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" አሉ ሽማግሌው። ሰው ሳቀ።

"አይቼዋለሁ እኮ!" አለች ማርታ ከወለሉ ላይ እየተነሳች። "ሆን ብዬ ነው።"

ፋሻ ስትፈታ የነበረች ወጣት ሐኪም ቀና ብላ አየቻት። ሥራዋን ለአንድ ነርስ ትታ መጣች። ማርታን ወንበር ላይ አስቀመጠችና ጣቷን በግራ በቀኝ እያንቀሳቀሰች "ሲንቀሳቀስ ይታይሻል?" አለቻት። ማርታ ወደ እኔ እያየች "ይታየኛል" ትላለች። የሐኪሟ ጣት ግን በዚያን ጊዜ ከማርታ ጆሮ አጠገብ ነበር፤ መንቀሳቀሱን አቁሟል።

"ዳፍንት አለባት፣ ዶክተር" አልኩ። "ጉበት እያበላኋት ነው። እየተሻላት ነው።"

ሐኪሟ በመሣሪያዋ የማርታን ዓይን ለረጅም ጊዜ አየች። ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ መቼ እንደሄደች፣ መቼ አፍ እንደፈታች ጠየቀችኝ። ሁሉንም እስከ ወሩ ነገርኳት። ከዚያ የማርታን ሁለት እጆች ይዛ ገለበጠቻቸው። ከትንሿ ጣት ሥር፣ በውጭ በኩል፣ በሁለቱም እጅ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ያለች ጠባሳ አለች። የልደት ምልክት ናት ብዬ ነበር የማስባት።

"ስትወለድ ስንት ጣት ነበራት?"

"አሥር" አልኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ጽፌዋለሁ።"

ከአግዳሚው ወንበር ላይ፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ እንደታሸገ፣ አኮ "አሥራ ሁለት" አሉ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ሰው ሁሉ ዞረ።

"አሥራ ሁለት ነበር" አሉ ደግመው። "በዚህም አንድ፣ በዚህም አንድ። አጥንት የሌለው፣ ትንሽዬ። ክር አሰርኩበት። በአምስተኛው ቀን ደርቆ ወደቀ። አንቺ ሆስፒታል ነበርሽ።"

በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ትርፍ ጣት ያለው ሕፃን ሲወለድ አዋላጇ ሥሩን በክር አጥብቃ ታስረዋለች። ወንዶች አይሰሙም፤ ብዙ ጊዜ እናትም አይነገራትም። ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሰምቼ አውቃለሁ። ስለ እኔ ልጅ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"እናትሽም አለች" አሉ አኮ። "እሷ ናት ክሩን ያመጣችው።"

እናቴና አኮ ተስማምተው አያውቁም። በገንፎው አልተስማሙም፣ በስሟ አልተስማሙም፣ በክርስትናዋ ድግስ አልተስማሙም። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የተስማሙት በዚህ ነበር ማለት ነው።

ሐኪሟ ማርታን ነርስ ዘንድ አቆይታ እኔን ወደ ጥግ ወሰደችኝ። የመመዝገቢያ ወረቀት ገለበጠችና አንድ ክብ ሣለች፤ ከክቡ ላይ የወጣች አንዲት ቀጭን ጭራም ጨመረች።

"ይህ አንድ ሴል ነው። ይህቺ ጭራ ሲሊያ ትባላለች። ሴሉ ከውጭ መልእክት የሚቀበልባት ናት፤ ቤት ጣሪያ ላይ እንዳለው ዲሽ ያስቧት። ሕፃኑ ማሕፀን ውስጥ ሲሠራ፣ ጣት የት ጋ እንደሚጀምርና የት ጋ እንደሚበቃ የሚናገረው መልእክት በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። እሷ ከተበላሸች ጣት ሊተርፍ ይችላል።"

"ዓይኗስ?"

"ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች ያለ እሷ አይሠሩም። ቀስ በቀስ ይሞታሉ። መጀመሪያ የጨለማው እይታ፣ ከዚያ የጎኑ። አንጎል ሲያድግም ታስፈልጋለች፤ መናገርና መማር የዘገየባት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ኩላሊትም ላይ አለች። ሰው ሲጠግብ 'በቃኝ' የሚለው መልእክትም በእሷ ነው የሚደርሰው።"

እዚህ ላይ አቋረጥኳት። "እንግዲያው የሚርባት እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው።"

ስለ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ለሐኪሟ አልነገርኳትም። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ዛሬ ገና እዚህ ጻፍኩት።

"ጉበቱስ?" አልኳት።

"ጉበቱ አያድናትም። እንክብሉን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ፤ ሲበዛ ጉዳት አለው። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ ስለ ሌላ ዓይነት ዳፍንት ነው የተጻፈው።"

ቀጥላ ትርፍ ጣት ብቻውን ምንም ማለት እንዳልሆነ፣ ብዙ ጤነኛ ሰው ይዞት እንደሚወለድ ነገረችኝ። እሷን ያሳሰባት የጣቱ፣ የዓይኑ፣ የክብደቱና የመዘግየቱ አንድ ላይ መገኘት ነው። "ጣቱን ባላውቅ እጠራጠር ነበር፤ አሁን ግን ኩላሊቷ ዛሬ ነገ ሳይባል መታየት አለበት" አለች። እኔ የያዝኩት ማስታወሻ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ያ ነገር፣ ጣቱ፣ አልነበረም።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ። ሆስፒታል ሳለሁ እናቴ የነገረችኝን ኋላ አስታውሼ የጻፍኩት አንድ መስመር አለ፦ "በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ብዙ አለቀሰች። ቁርጠት።" ያ መስመር ላይ ብዙ ቆየሁ።

እናቴ ስትመጣ አኮ አጠገብ አስቀመጥኳትና ሁለቱንም ጠየቅኳቸው።

"የእናንተ ሰዎች 'ከጉጂ ደም የመጣ ነው' እንዳይሉ ፈራሁ" አሉ አኮ። "ልጄን እንዳትፈቺው።"

እናቴ ደነገጠች። "እኔ ደግሞ የእናንተ ሰዎች 'ከሐበሻዋ የመጣ ነው' ብለው ልጄን እንዳይመልሷት ብዬ እኮ ነው!"

በሕይወቴ ተናግሬ የማላውቀውን ቃል ተናገርኩ። አኮን "ከእንግዲህ ልጄን አይንኳት" አልኳቸው። ዓይናቸው ገና ሳይሽር፣ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ቦሩ ከመስክ ሲመለስ እናቱን እህቱ ቤት አገኛቸው። ለሁለት ወር ያህል እኔና እሱ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

ሀዋሳ የሄድነው ሦስታችን ነን። በክብረ መንግሥት አድርገን ቦሬን ስናልፍ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። የቆላ ልጅ ብርድ አታውቅም፤ ማርታ አባቷ ጃኬት ውስጥ ገብታ "መስኮቱ ጠፋ" አለች። ቦሩ ሳቀ፤ ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። ሀዋሳ ላይ ኩላሊቷ በአልትራሳውንድ ታየ። ሁለቱም ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ። ደም ግፊቷ በዘጠኝ ዓመቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ "ሳይታወቅ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ኖሮ…" ብሎ አቋረጠው። መድኃኒት ተጀመረላት።

የሦስታችንም ደም ተወስዶ ወደ ውጭ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። ማርታ ውስጥ አንድ ጂን በሁለት ቦታ ተበላሽቷል፤ አንዱ ስህተት ከእኔ፣ አንዱ ከቦሩ የመጣ ነው። ሁለቱ ስህተቶች አይመሳሰሉም። እኛ አንድ አንድ ብቻ ስለያዝን ጤነኞች ነን። የሚቀጥለው ልጅም እንዲህ ሆኖ የመወለድ ከአራት አንድ ዕድል እንዳለው ተነገረን። ሌላ ልጅ አልወለድንም።

ቦሩ ወረቀቱን አጥፎ "አባትሽ በደንብ ቆጥረው ነበር" አለኝ። "እሳቸው የቆጠሩት ስም ነው። ይህ ስም የለውም።" ከዚያ "ነገ እናቴን አመጣታለሁ" አለ። እኔም እሺ አልኩ።

አኮ ሲመጡ ወረቀቱን በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። ለእናቴም በአማርኛ። ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ። የፈሩት ነገር በሁለቱም በኩል እኩል ነበር። አኮ "ዋቃ ፈጣሪዬ ይወቀው፤ እኔ እንዳያምርባት ብዬ እንጂ…" አሉ። ያልጨረሱትን ቃል እስካሁን አልጨረሱትም።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አራስ ጥየቃ ስሄድ የሕፃኑን እጅ ሳላይ አልመለስም። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤት ዘንድ ትርፍ ጣት አገኘሁና በሰው ፊት ለእናቲቱ ነገርኳት። የቤቱ አሮጊት "ልጃችን ላይ አታሟርቺ!" ብለው አስወጡኝ። ሕፃኑ ተመረመረ፤ አንድም ነገር የለበትም። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። የሰፈር ሴቶች አሁን "ጣት ቆጣሪዋ" ይሉኛል። ሲስቁብኝ እሰማለሁ። ይሁን። አኮ ግን ለማዋለድ ሲጠሩ እንዲህ ያለ ነገር ካዩ፣ ምንም ሳይነኩ ሰው ይልኩብኛል።

ማርታ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የሚታያት ፊት ለፊቷ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም በቧንቧ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም። ቀልድ ግን ታውቃለች፤ ሰውን በድምፁ ታስመስላለች፤ የቦሩን አጎት ስታስመስል ቤቱ ይፈርሳል። ባለፈው ሰሞን ድንገት ወደ አኮ ዞራ "ጣቴን ስታስሪው አመመኝ?" አለቻቸው።

አኮ መዋሸት ይችሉ ነበር።

"አዎ፣ አመመሽ" አሉ። "ሁለት ቀን አለቀስሽ።"

"እሺ" አለች ማርታ። "እኔም እማዬ ስትመታኝ አሞኝ ነበር።"

ክፉ ብላ አልነበረም። የጠየቋትን እንደምትመልስ ያህል ነው የተናገረችው። አኮ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም ደፋሁ። ለአኮ ያልሰጠሁትን ይቅርታ ከልጄ መጠየቅ እንዳለብኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጠየቅኳት። "እሺ" አለችኝ፤ ያው ለአኮ ባለችው ድምፅ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

በሚቀጥለው ወር ለኩላሊቷ ክትትል ሀዋሳ እንሄዳለን። በየስድስት ወሩ እንደዚሁ እንሄዳለን። ጣቱ ቢነገረኝ ኖሮ ዓይኗ ይተርፍ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አይተርፍም ብለውኛል። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚርባትን ልጅ ሆዳም፣ የማይታያትን ልጅ ሰነፍ ያልኳት እኔ ነኝ። ይህንን ክር አላደረገውም። ሰው አኮን ሲወቅስ ስሰማ አሁን ዝም የምለው ለዚህ ነው።